ማን ይዘፍናል? ለማን? የካርቱሙን መልሐማ እስከ ውስጡ ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

ካርቱም የኖረ ሐበሻ የሱዳንን ዘፈን ሳይፈልግ ይማረዋል። ራክሻ (ባጃጅ) ውስጥ ይሰማዋል፤ ዴም ወይም ጅሬፍ ሰፈር ሻይ ሊጠጣ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ይሰማዋል፤ የጎረቤት ሠርግም ሌሊቱን ሙሉ ያሰማዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ግማሹ ቃል ይገባዋል፣ የቀረውን ዜማው ይሞላለታል። ለፍቅር ዘፈን ይኸ ይበቃል። ለመድረክ ተጽፎ ብዙ ድምፆች እየተቀባበሉ አንድ ታሪክ ለሚያወርዱበት ሥራ ግን አይበቃም። እዚያ ላይ ዜማው የሚሞላልን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ስሜት ነው፤ የጽሑፉ ሐሳብ ሌላ ቦታ ይቀራል።

መለማመጃ እንዲሆነን ሱዳኖች «አል-መልሐማ» (የጀግንነት ታሪክ ግጥም) የሚሉትን ሥራ ይዘን እንሂድ። ግጥሙ የሃሺም ሲዲግ፣ ዜማው የዋድ መደኒው የዑድ ጌታ የመሐመድ አል-አሚን ነው። በ1968 የኦክቶበር አብዮት አራተኛ ዓመት ሲከበር ኦምዱርማን በሚገኘው ብሔራዊ ቴያትር ለሕዝብ ቀረበ። (ዓመቶቹን ሁሉ ሱዳኖች እንደሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሃሺም ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመረ ወጣት ነበር፤ አል-አሚንም ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። አል-አሚን በ2023፣ ሃሺም በ2024 አረፉ፤ ሁለቱም አገራቸው በጦርነት ላይ ሳለች፣ ሁለቱም ከአገራቸው ውጭ። ሥራው ተዋናይ እየተናገረ በመሀል ዘፈን የሚያነሳበት ዓይነት የአሜሪካ ሙዚቃዊ ተውኔት አይደለም። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስኬደው ዘፈኑ ነው፤ ለዚህም ነው ለልምምድ የሚመቸው።

በመጀመሪያ ሙሉውን፣ ሳያቋርጡና ወረቀት ሳይዙ ያዳምጡ። ሥራው ረዥም ስለሆነ በየበዓሉ ተቆራርጦ የሚሰማው አንድ አንድ ክፍሉ ብቻ ነው፤ ዩቲዩብ ላይም ቁርጥራጩ ከሙሉው ይበዛል። ሙሉውን ቅጂ ፈልገው ያግኙ። ታዋቂውን የመጨረሻ መሐላ ብቻ የሚያውቅ ሰው መልሐማውን የድል ዘፈን አድርጎ ይወስደዋል። ከመነሻው የተከተለው ግን ድሉ ላይ እስኪደረስ ምን ያህል ጨለማ እንደታለፈ በጆሮው ስለሚለካ መሐላውም ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

ቀጥሎ የዚያን ሳምንት ታሪክ ይወቁ። 1968 ላይ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ስለዚህ ግጥሙ ማብራሪያ አይሰጥም። እርስዎ ግን ያስፈልግዎታል። ጄኔራል ኢብራሂም ዐቡድ ኅዳር 17 ቀን 1958 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ጥቅምት 21 ቀን 1964 ማታ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንግሥት የከለከለውን ስብሰባ መኖሪያ ግቢያቸው ውስጥ አካሄዱ፤ ፖሊስ ገብቶ ተኮሰ፤ አሕመድ አል-ቁረሺ ጣሃ የተባለ ተማሪ ተገደለ። በማግስቱ ቀብሩን የሸኘው ሕዝብ ቀብሩን ወደ ሰልፍ ለወጠው። ዳኞች፣ ጠበቆች፣ ሐኪሞችና የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጥቅምት 26 ዐቡድ ጠቅላይ ወታደራዊ ምክር ቤቱን በተነ፤ ኅዳር አጋማሽ ላይ ከሥልጣን ወረደ። ይህን የጊዜ መስመር ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱ የዘፈኑ ክፍል የትኛውን ቀን እንደሚነካ ያመላክትዎታል። የሥራ ማቆሙ ነገር ለኛ በተለይ ልብ ይባል። በ1966ቱ የኢትዮጵያ አብዮት (ይኸኛው በኛ አቆጣጠር ነው) መምህሩም ታክሲ ነጂውም ሥራ አቁሟል፤ ነገሩን የደመደመው ግን ወታደር ነው። በሱዳን ወታደሩን ያወረደው ሲቪሉ ነበር። የመልሐማው ኩራት ከዚህ ይነሳል።

ከዚያ ወደ ጽሑፉ። የዓረብኛ ፊደል ካላነበቡ አይጨነቁ፤ የሰሙትን በፊደላችን ይጻፉት። ዐይኑ ዐም ሐመሩ ሐም ስላለን ከላቲን ፊደል የተሻለ ይረዳናል። ገጹን ለአራት ይክፈሉትና በመጀመሪያው ዓምድ የተዘፈነውን፣ በሁለተኛው ማን እንደዘፈነው፣ በሦስተኛው ለማን እንደተባለ፣ በአራተኛው ደግሞ ያለፈ፣ ያለ ወይም የሚመጣ ጊዜ መሆኑን ያስፍሩ። ያልተሰማዎትን ቦታ ክፍት ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉ። ክፍተቱን የሚሞላልዎት ሰው ሱዳኖች መካከል አይጠፋም። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው አጠገብ ይቀመጡና «ያ ዐሚ» ብለው ይጠይቁ፤ የሚጠይቋቸው ሴት ከሆኑ «ያ ኻላ» ይበሉ። ቃሉን ብቻ ነግረው የሚያቆሙ አይምሰልዎት፤ ያን ጊዜ የት እንደነበሩ፣ ማን ከማን ጋር እንደተሰለፈ፣ ዳቦ ስንት ይሸጥ እንደነበር ይጨምሩልዎታል። ሁሉንም ይስሙ፣ ነገር ግን የእሳቸውን ትዝታ ከግጥሙ ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ አይቀላቅሉ። የገጹ ኅዳግ ለዚያ ይበቃል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓምድ ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ያጥፉ። የመድረክ ግጥም ትርጉሙን ቃሉ ሥር ብቻ አይደብቅም። ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው፣ ማን ሰምቶ ዝም እንዳለ፣ ማን እንደተቀበለው ሲታይ ትርጉሙ ከዚያ ይወጣል። መልሐማውን መሐመድ አል-አሚን ብቻውን አልዘፈነውም፤ ኸሊል ኢስማኢል፣ ዑስማን ሙስጠፋ፣ በሃእ ኢድ-ዲን አቡ ሺላና ኡም ባሊና አስ-ሰኑሲ ከተቀባዮች ጋር ተካፍለውታል። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ቀለም ይስጡና በገጹ ላይ ያስምሩበት። ከዚያ ቃሉን ትተው ቀለሙን ብቻ ይከተሉ። ብቻውን የሚዘፍነው ድምፅ የት ላይ ለብዙዎቹ ያስረክባል? የኡም ባሊና፣ የሴቷ ድምፅ፣ የሚገባው ምን ከሆነ በኋላ ነው? እሷ ስትዘፍን ሌሎቹ ይቀበሏታል ወይስ ይሰሟታል? አንድ ልጅ የተገደለበት ታሪክ እየተዘፈነ የሴት ድምፅ መግባቱ አጋጣሚ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ማን መዝፈኑ ምን ያህል ትርጉም እንደሚለውጥ ለማየት ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በ1957 ኒውዮርክ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ አሜሪካ በሚዘፈነው ዘፈን የሚከራከሩት የፖርቶ ሪኮ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ የትውልድ ደሴቷን ስትናፍቅ ሌሎቹ ይሳለቁባታል። በ1961 ፊልም ሲሆን ክርክሩ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ሆነ፤ ግጥሙም ተለውጦ የስደተኛው መገፋት ጎልቶ ወጣ። ዜማው ያው ነው፣ ርእሱም ያው። ዘፋኞቹ ሲለወጡ ግን የናፍቆት ፌዝ የነበረው ነገር የአገሪቱ ክስ ሆነ።

ወደ መልሐማው እንመለስና የመጨረሻውን መሐላ በዚሁ ዓይን እንየው። የሚምሉት ብዙዎች ናቸው፤ «እኛ» እያሉ። የሚምሉት ለማን ነው? ብዙ አድማጭ ለአገር ወይም ለሰማዕት ነው ብሎ ያልፈዋል። የሚጠሩት ግን ራሱን ኦክቶበርን ነው። አንድ ወር እንደ ሰው፣ እንደ ምስክር፣ ፊት ለፊት ተጠርቶ ይማልለታል። የኛ አገር ሰው በንጉሡ ስም «ይሙት» እያለ ሲምል የኖረ ነውና ይህ ቶሎ ሊገባን ይገባል። ገዢውን ያወረዱ ሰዎች በገዢ ስም አይምሉም፤ ያወረዱበትን ቀን ይጠራሉ። የአብዮቱ መሪ ማን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ ግጥሙ አንድ ስም አያወጣም፤ መልሱን ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያገኙታል።

ምሳሌያዊ አነጋገሩ ላይ ደግሞ እንጠንቀቅ። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። ግጥም በሰማን ቁጥር ወርቁን ካላወጣን የተሸወድን ይመስለናል። ይህ ልምድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሙዚቃዊ ተውኔታችንንም የመሠረተው የቅኔ ሰው ነው። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከአርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ዘመናዊ ዜማና የአማርኛ ግጥምን መድረክ ላይ አገናኘ፤ በ1930 በንግሥ በዓል የተዘመረው የብሔራዊ መዝሙር ግጥም የእሱ፣ ዜማው የናልባንዲያን ነው። ጣሊያን ሲገባ ዮፍታሔ የተሰደደው ወደዚሁ ወደ ሱዳን ነው። ከሥራዎቹ በጣም የሚታወቀውን «አፋጀሽኝ»ን ስናነብ ሴቲቱ ኢትዮጵያ ናት ብሎ ወርቁን ማውጣት ቀላል ነው። ነገር ግን እዚያ ላይ ካቆምን ተውኔቱን አላነበብነውም፤ እንቆቅልሹን ፈትተን ሄድን ማለት ነው። አገርን ሴት አድርጎ ማቅረብ የብዙ ገጣሚ መንገድ ነው። የዮፍታሔን ልዩነት የሚያሳየው ያቺ ሴት ለማን ምን ትላለች፣ ማንስ በስሟ ይናገራል የሚለው ነው።

መልሐማው ውስጥም ሌሊቱ ዐቡድ ነው፣ ንጋቱ አብዮቱ ነው ብሎ በአንድ መስመር መጨረስ ይቻላል። እውነት ነው፤ ደርቋል እንጂ። እንዲህ ያድርጉ። ሌሊትና ንጋት የተጠሩበትን ቦታ ሁሉ ከገጽዎ ላይ ለቅመው በተራ ያስቀምጡ። ከዚያ አራተኛውን ዓምድ ይመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ሌሊቱ ያለፈ፣ የረዘመ ግፍ ነው፤ ወደ መጨረሻ ሲደርሱ ግን ንጋቱም ዋስትና የለውም። መሐላው የተማለው ለሚመጣ ክፉ ቀን ነው፤ ጎሕ ከቀደደ በኋላም፣ በብርሃኑ መሀል፣ ግፈኛ ብቅ ሊል እንደሚችል አስቀድሞ አስቦ ነው የተጻፈው። ድል የሚያከብር ዘፈን የድሉን መጥፋት በሆዱ ይዟል። ለኔ የመልሐማው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ሃያዎቹን ገና የጀመረ ገጣሚ ከየት እንዳመጣው ያስደንቀኛል። ሌሊትን ዐቡድ ብቻ ካደረጉት ይህን አያገኙትም፤ ዐቡድማ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል።

ይህን ካዩ ቀኑንና ቦታውን አብረው ያስቡ። መልሐማው በጥቅምት 1968 ቀረበ። ሰባት ወር ቆይቶ፣ ግንቦት 25 ቀን 1969፣ ኮሎኔል ጃዕፈር ኒሜሪ ሥልጣን ያዘና አሥራ ስድስት ዓመት ገዛ። ገጣሚው ነቢይ ነበር ማለቴ አይደለም። በአብዮቱ ማግሥት የመጡት ፓርቲዎች እርስ በርስ ሲናከሱ ያየ ሁሉ ሊሰጋ ይችል ነበር። ቦታው ደግሞ ራሱን የቻለ ስላቅ ነው። ኦምዱርማን ውስጥ፣ ከሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ግቢ አጠገብ ያለው ብሔራዊ ቴያትር የተከፈተው በ1959፣ በዚያው በዐቡድ ዘመን ነው። ወታደራዊ መንግሥት በከፈተው መድረክ ላይ የወታደራዊ መንግሥት መውደቅ ተዘፈነበት። ግጥሙ ይህን አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። አንድ የመድረክ ሥራ ሲያነቡ አዳራሹን ማን እንደሠራው፣ ፊት ረድፍ ላይ ማን እንደሚቀመጥ መጠየቅ የንባቡ ክፍል ነው።

ስለ ዜማው አጭር ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የሱዳን ዜማ እንደኛው በአምስት ድምፅ የሚሠራ ስለሆነ ጆሯችን ቤቱ ይገባል፤ ከዚያም ሳናውቀው ትዝታ አድርገን እንሰማዋለን። ቫዮሊኖቹ አብረው ሲጎትቱ ሆዳችን ይባባል። ለሱዳናዊው አድማጭ ያ ዜማ ናፍቆት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ስሜትዎን ከማመንዎ በፊት ምቱን ያዳምጡ፤ ሲፈጥን፣ ሲቆም፣ የእግር ጉዞ ሲመስል ምልክት ያድርጉ። ቃሉ እያዘነ ምቱ የሚራመድባቸው ቦታዎች ካገኙ ግጥሙን እንደገና ያንብቡት። ሐዘኑ ተቀምጦ የሚያለቅስ መሆኑ ቀርቶ ሬሳ ተሸክሞ የሚሄድ ሕዝብ ይታይዎታል። ጥቅምት 22 ቀን የሆነውም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሌለውን መፈለግ ነው፤ ብዙ አንባቢ የሚዘለው ይኼን ነው። ተማሪዎቹ በዚያ ማታ ለምን ተሰበሰቡ? ስለ ደቡብ ሱዳን ጉዳይ፣ ስለ ጦርነቱ ለመነጋገር ነበር። ገጽዎን ከላይ እስከ ታች ይመልከቱና ደቡብ በየትኛው ድምፅ እንደሚናገር ይፈልጉ። ስለ ደቡብ ሊነጋገሩ የተሰበሰቡ ልጆች የተተኮሰባቸው ማታ በሰሜኑ መድረክ ላይ እንዴት እንደተዘከረ፣ «እኛ» ሲባል ማን እንደተቆጠረ፣ ማን እንዳልተቆጠረ ራስዎ ይመዝኑ። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 9 ቀን 2011 ተለይታ ሄደች። ይህን የምለው ገጣሚውን ለመክሰስ አይደለም። የኛም መዝሙሮች «እኛ» ሲሉ ስንቱን እንደሚረሱ እናውቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ መለየት ያስፈልጋል፤ ግጥሙ በተጻፈበት ቀን የነበረው ትርጉምና በኋላ የተጫነበት ትርጉም። የኦክቶበር ዘፈኖች ኒሜሪ በወደቀበት በሚያዝያ 1985ም ተመልሰው መጡ፤ በ2019ም ወጣቶች በካርቱም የጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ከሚያዝያ 6 እስከ ሰኔ 3 ሲቀመጡ የአባቶቻቸውን ዘፈኖች ያዜሙ ነበር። አል-ቁረሺን ያላዩ ልጆች የራሳቸውን ሟቾች ስም እያሰቡ ይዘፍናሉ። ያ ትርጉም ሐሰት አይደለም፤ ግን 1968 ላይ አልነበረም። በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ይጻፉት። ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ የተጨመረ አለ። ጦርነቱ የሬዲዮና ቴሌቪዥኑን ግቢ የውጊያ ሜዳ አደረገው፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። ይህን የሚያነቡ ብዙዎችም ዛሬ ካርቱም ላይሆኑ ይችላሉ፤ በመተማ የገቡ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የተቀመጡ፣ ወደ ካይሮ የተሻገሩ አሉ። መልሐማውን ከዚያ ሆኖ መስማት ሌላ ነገር ይጨምርበታል፤ እሱንም በዚያው በተለየው ቀለም ያስፍሩት።

መንገዱ ከገባዎት በሌላ ጽሑፍ ይሞክሩት። እኔ የምመርጠው የኢብራሂም አል-ዐባዲን «አል-መክ ኒምር» ነው፤ በ1930ዎቹ በሱዳን የአፍ ቋንቋ በግጥም የተጻፈ ተውኔት ነው። አል-ዐባዲ የኦምዱርማን ሰው፣ የዘፈን ገጣሚ ነበር፤ ተዋናዮቹ ሲናገሩም ዘፈን ሊያነሱ የደረሱ ይመስላሉ። ታሪኩ ፍቅረኛሞቹ ጣሃና ረያ ከለላ ፍለጋ ወደ ሸንዲው ገዢ ወደ መክ ኒምር ሲመጡ፣ ከዚህም የተነሳ ነገዶች ሊዋጉ ሲደርሱ የሚሆነውን ይተርካል። ሰው ሁሉ ተውኔቱን የሚያስታውሰው ነገድን ትቶ ሱዳናዊነትን በሚያስቀድመው ንግግር ነው። እርስዎ ግን ከንግግሩ አይጀምሩ፤ አራቱን ዓምዶች ያውጡና ማን ፊት እንደተነገረ ይዩ። እንግሊዞች ከ1922ቱ የዘላን ሼኮች አዋጅ ጀምሮ ሥልጣኑን ለነገድ አለቆች ይሰጡ ነበር፤ በዚያ ዘመን ነገድ ይቅር ማለት የፍቅር ታሪክ ማሳመሪያ ብቻ እንዳልነበረ ይታይዎታል።

ለኛ ደግሞ ሌላ በር አለው። ተውኔቱ የማይነግረን፣ ተመልካቹ ግን የሚያውቀው ነገር አለ፤ እውነተኛው መክ ኒምር በ1822 የግብፁን ገዢ የመሐመድ ዐሊን ልጅ እስማኤል ፓሻን ሸንዲ ላይ አቃጥሎ ገደለና ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ሸሸ። ለሌላው ከለላ የሰጠው ሰው ራሱ ከለላ ፈላጊ ሆነ፤ የሸሸውም ወደኛ ነው። መድረኩ ላይ ስለ እንግዳና ስለ ጥገኛ የሚነገረው ሁሉ ይህን በሚያውቅ አድማጭ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉበት። ጽሑፉን ለማግኘት የዓረብኛ ፊደል የሚያነብ ወዳጅ ያስፈልግዎታል፤ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ይጠይቁት፣ እርስዎ በፊደላችን ይጻፉ። ለአንድ ማታ አንድ ትዕይንት ይበቃል።